ሞራው አይቆይም፣ ሌንሱ ይቆያል፦ በዘር የዓይን ሞራ ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናትና ስለ ሰው ሠራሽ ሌንስ

ከደሴ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሰባት ሳምንት የሆነው ወንድ ልጄ የሁለቱም ዓይኖቹ መሃል ነጭ ሆኖ ነው የተወለደው። አባቱም በልጅነቱ ሞራ ተብሎ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነበር፤ አሁን አንድ ዓይኑ አያይም። ትልቋ ልጃችን በሦስት ዓመቷ ሞራው ወጥቶ ሌንስ ተተከለላት፤ ዘንድሮ አምስት ዓመቷ ሲሆን አንዱ ዓይኗ እንደገና ደፈረሰ። ለሕፃኑ አንዱ ሐኪም ሞራው ሲወጣ ሌንሱም አብሮ ይተከል አሉን፤ ሌላው ደግሞ ሌንስ አይታሰብ፣ መነጽር ይበቃዋል አሉ። እኔና ባለቤቴ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። የሌንሱ ጉዳት ምንድን ነው? የቱንስ እንስማ?»

ውድ ጠያቂ፣ ልጅዎን ሳላየው የምሰጠው መልስ የመረመሩትን ሐኪሞች ቃል አይተካም። ሆኖም ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት ሁለቱ ሐኪሞች እርስዎ ያሰቡትን ያህል አልተለያዩም። ሁለቱም ሞራው ይውጣ ብለዋል፤ የተለያዩት ሞራው በወጣበት ቦታ ዛሬ ምን ይግባ በሚለው ላይ ብቻ ነው። የእኔን ሐሳብ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ሞራውን ማውጣት የዚህ ሳምንት ጉዳይ ነው፤ ሌንስ መትከሉ ግን ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል፤ በልጅዎ ዕድሜም ባይተከል እመርጣለሁ።

ችኮላው የሚመጣው ከአንጎል ነው። ሕፃን ማየትን የሚማረው ከተወለደ በኋላ ሲሆን፣ በእነዚያ ሳምንታት ጥርት ያለ ምስል ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ሳይሠለጥን ይቀርና፣ በኋላ ዓይኑ ቢጸዳ እንኳ የመጣለትን ምስል መተርጎም ያቅተዋል። ወፍራም ሞራ በአንድ ዓይን ብቻ ሲሆን በስድስት ሳምንት ገደማ፣ በሁለቱም ዓይኖች ሲሆን ደግሞ በስምንት ሳምንት ገደማ ቢወጣ ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን የሕፃናት ዓይን ሐኪሞች ይስማማሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ዓይኖቹ ያለማቋረጥ መዋዠቅ ይጀምራሉ፤ መዋዠቁ ከሰፈረ በኋላ ሞራው ቢወጣም አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። ስለዚህ «ትንሽ ይጠንክርና እንወስደዋለን» የሚል ዘመድ ቢኖር፣ ልጁ ጡት በደንብ የሚጠባና ለማደንዘዣ የሚያሰጋ ሌላ ሕመም የሌለበት እስከሆነ ድረስ አይስሙት።

ሌንሱ ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት በቆልት የሚሆን ባቄላ ነክረው የሚያውቁ ከሆነ ያንን ያስቡ። የራሰውን ባቄላ ጫፉን ቀደድ አድርገው ሲጫኑት ፍሬው ይወጣና ልጣጩ እጅዎ ላይ ይቀራል። ተፈጥሯዊው የዓይን ሌንስም እንዲሁ በስስ ከረጢት የተሸፈነ ነው፤ ሐኪሙ የከረጢቱን ፊት በክብ ይከፍትና የደፈረሰውን ፍሬ መጥጦ ያወጣል፤ ሰው ሠራሹ ሌንስ የሚቀመጠውም በዚያ ባዶ ልጣጭ ውስጥ ነው። በሽማግሌ ዓይን ይህ ሁሉ የተረጋጋ ሥራ ነው። የሕፃን ዓይን ግን ገና ያድጋል። የአራስ ልጅ ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ወደ 17 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከ23 እስከ 24 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከዚህ እድገት አብዛኛው የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ አያድግም። ዛሬ ለሰባት ሳምንት ዓይን ልክ የሆነ የሌንስ ቁጥር በሦስት ዓመቱ እጅግ የበዛ ይሆንና ልጁን የቅርብ ብቻ የሚያይ ያደርገዋል። ሐኪሞች ይህን አስቀድመው ስለሚያውቁ ሆን ብለው አነስተኛ ቁጥር ይተክላሉ፤ የጎደለውን መነጽር እየሞላው ዓይኑ እያደገ ቁጥሩ ላይ እንዲደርስ ለማለት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሕፃን ዓይን ምን ያህል እንደሚያድግ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም። በአሜሪካ በ12 ማእከላት በአንድ ዓይናቸው ሞራ ይዘው የተወለዱ 114 ሕፃናትን በተከታተለ ጥናት ሌንስ የተተከለላቸው ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው ዓይናቸው የሚጠይቀው የመነጽር ቁጥር ከ+5 እስከ -19 ተዘርግቶ ተገኝቷል። ስሌቱ ለሁሉም የተሠራው በአንድ መመሪያ እንደነበር ልብ ይበሉ።

ሁለተኛው ችግር ትልቋ ልጅዎ ያጋጠማት ነው። «ሞራው ተመልሶ መጣ» ሲባል እሰማለሁ፤ የወጣ ሞራ ግን አይመለስም። የሚሆነው ይህ ነው፤ ፍሬው ሲወጣ በልጣጩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተጣበቁ ሕዋሳት ይቀራሉ፤ የትኛውም እጅ አንድ ሳያስቀር ሊያጸዳቸው አይችልም። የልጅ ሕዋስ ደግሞ ለማደግ የተፈጠረ ነው፤ ይባዛል፣ ሌንስ ለመሥራት ይሞክራል፣ በማጉያ መሣሪያ ሲታይ የሳሙና አረፋ የመሰሉ ጥቃቅን እንክብሎችን እየደረደረ ብርሃን በሚያልፍበት መሃል ላይ ይሳባል። በትንንሽ ልጆች የከረጢቱ ጀርባ ሳይከፈት ከተተወ መደፍረሱ የማይቀር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስለዚህም ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በዚያው ቀዶ ሕክምና የከረጢቱ ጀርባ በክብ ተከፍቶ ከኋላው ያለው ጄሊ መሰል ፈሳሽ በጥቂቱ እንዲወሰድ ይመከራል። ይህ ተደርጎም ሕዋሳቱ መንገድ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሰው ሠራሹ ሌንስ እንደ ድልድይ ሆኖላቸው በላዩ ይሻገራሉ። ልጅዎ አምስት ዓመቷ ስለሆነ አገጯን በመሣሪያው ላይ አሳርፋ ዝም ብላ መቀመጥ ከቻለች በሌዘር ሊከፈትላት ይችላል፤ ካልቻለች ወይም ሽፋኑ ከወፈረ በማደንዘዣ ይጸዳል። ዓይኗ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ደፍርሶ የቆየ ዓይን በዚህ ዕድሜ ይሰንፋልና ቀጠሮውን አያዘግዩት።

በዚሁ ላይ የሕፃን ዓይን ለቁስል ያለው ምላሽ ኃይለኛ ነው፤ በእኛ አገር እንዳለው አይሪሱ፣ ማለትም ባለ ቀለሙ የዓይን ክብ፣ ጥቁር በሆነ ዓይን ደግሞ ይብሳል። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ የአራት ወር ሕፃን ሌንስ ተክዬ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ንጹሕ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን በሌንሱ ፊት የሸረሪት ድር የመሰለ ግራጫ መጋረጃ ተዘርግቶ አገኘሁ። አይሪሱ ከሌንሱ ጋር ተጣበቀ፤ ክብ መሆን የሚገባው ቀዳዳ እንደ ተጎተተ ልብስ ወደ አንድ ጥግ ሄደ፤ የሌንሱም አንድ ጠርዝ ከአይሪሱ ፊት ወጥቶ ተያዘ። ያ ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ማደንዘዣ ወስዷል። ያለ ሌንስ ብተወው ኖሮ ምንም አይገጥመውም ነበር አልልም፤ መጋረጃው የሚንጠለጠልበትን ግን እኔው ነኝ ያስቀመጥኩለት። ይህን ለመከላከል ከቀዶ ሕክምና በኋላ የስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት በቀን ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ጠብታው በሰዓቱ ካልገባ አይሪሱ ከሌንሱ ጋር ይጣበቃል፤ ከታዘዘው ጊዜ በላይ ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ ከቀጠለ ደግሞ ራሱ የዓይን ግፊት ያስነሣል።

የዓይን ግፊት፣ ማለትም ግላኮማ፣ ከሁሉም በላይ የምፈራው ነው። በሕፃንነቱ ሞራው የወጣለት ልጅ ሌንስ ተተከለለትም አልተተከለለትም ለግላኮማ የተጋለጠ ነው፤ አደጋው ዕድሜው ባነሰና ዓይኑ በጠበበ ቁጥር ይጨምራል፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ መቀደድም አደጋውን ስለሚያበዛ ጥንቃቄ ይደረግበታል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የአሜሪካ ጥናት ልጆቹ ከቀዶ ሕክምናው አሥር ዓመት ሲሞላቸው 22 በመቶ ግላኮማ ይዟቸው ነበር፤ የሚጠረጠሩት ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ደርሷል። ሌንስ ይከላከላል የሚል ተስፋ በአንድ ወቅት ነበር፤ አልተረጋገጠም። የግላኮማ ክፋቱ በሽታው በቤተሰብ ዓይን ውበት መስሎ መታየቱ ነው። ግፊቱ የጨቅላውን ዓይን እንደ ፊኛ ይወጥረዋል፤ ኮርኒያው፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን፣ ይሰፋል፤ ጎረቤት «ዓይነ ጎላ ሆነ፣ ሲያምር!» ይላል። እናቲቱ ደስ ብሏት ነግራኝ ግፊቱን ስለካ ሳይታወቅ ወራት እንደቆየ ያወቅሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ዓይኑ ከሌላው ዓይን ወይም ከቀድሞው ከሰፋ፣ ብርሃን ከሸሸ፣ ያለምክንያት እንባ ካፈሰሰ ወይም ጥቁሩ ክፍል ጭጋግ ከለበሰ ቀጠሮ አይጠብቁ። ምልክት ባይኖርም ግፊቱ በየወቅቱ ሊለካ ይገባል፤ ይህ ክትትል ልጁ አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላም አይቋረጥም። የባለቤትዎ አንድ ዓይን የጠፋው በዚሁ ወይም በሬቲና (ከዓይን በስተኋላ ምስል በሚቀበለው ሽፋን) መላቀቅ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከልጅነት ቀዶ ሕክምና ብዙ ዓመት ቆይተው የሚመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሐኪሞች ክርክር ልመለስ። በአሜሪካው ጥናት ከሕፃናቱ ግማሾቹ ሌንስ ተተከለላቸው፤ ግማሾቹ ሞራቸው ወጥቶ ኮንታክት ሌንስ፣ ማለትም ከውጭ በዓይን ላይ የሚለጠፍና የሚወልቅ ሌንስ፣ አደረጉ። በአምስት ዓመታቸው የእይታቸው መጠን አልተለያየም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም እንዲሁ። የተለያየው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተመለሱበት ቁጥር ነው፤ ሌንስ ከተተከለላቸው 72 በመቶው ተጨማሪ የዓይን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው ካልተተከለላቸው ግን 21 በመቶው ብቻ ነበሩ። ያ ጥናት በአንድ ዓይን ስለሚመጣ ሞራ እንጂ እንደ ልጅዎ ስለ ሁለቱም ዓይኖች አልነበረም። ይሁን እንጂ በብሪታንያና በአየርላንድ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ የነበረባቸው ጭምር፣ በተጠኑበት ጊዜ የተገኘው ውጤት ተመሳሳይ ነበር፤ ሌንሱ የተሻለ እይታ አላስገኘም፤ ከግላኮማም አልጠበቀም፤ የድጋሚ ቀዶ ሕክምናን ዕድል ግን ጨምሯል። አንድ ጊዜ ማደንዘዣ ለመስጠት በምንጨነቅበት አገር ይህ ቁጥር ከባድ ክብደት አለው።

«ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው» ስላሉት ደግሞ፣ ባለቤትዎም ሆኑ እርስዎ የተሳሳታችሁት ነገር የለም። ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው በሽታው እንዲገለጥ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረ መል መምጣት ሲኖርበት ነው። በዘር የሚመጣ የዓይን ሞራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ የያዘው ወላጅ በእያንዳንዱ እርግዝና ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሩቅ አገር ሄዶ ቢያገባም ይኸው ነው። የሕመሙ ክብደት በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ አንዱ ልጅ ነጭ ዓይን ይዞ ሲወለድ ሌላው በማጉያ ብቻ የምትታይ ነጠብጣብ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

የዘሩ ዓይነት የሌንሱንም አደጋ ይለውጠዋል፤ «ሌንስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የሌለውም ለዚህ ነው። በአንዳንድ ቤተሰቦች ሞራው ከጠባብ ኮርኒያና ከትንሽ ዓይን ጋር ይመጣል፤ በእንደዚህ ያለ ዓይን ሌንሱ ቦታ ያጣብባል፤ ግላኮማም ይበረታል፤ በሕፃንነት ባይተከል ይሻላል። አይሪስ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች ሌንሱን የሚይዙት ክሮች ደካማ ናቸው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ከአይሪሱ ቅሪት የሚነሣ የጠባሳ ሽፋን ሌንሱን ወደ ፊት እየገፋ ኮርኒያውን ሲያበላሽ ታይቷል። ማርፋን በሚባለው የዘር ሕመም ክሮቹ ስለሚላሉ የራሱ የልጁ ሌንስ ከቦታው ይንሸራተታል፤ የሚያስቀምጡበት ጽኑ ከረጢት ስለሌለ ሰው ሠራሹ ሌንስ በስፌት ይታሰራል፤ ስፌቱም ከዓመታት በኋላ ሊበጠስ ይችላል፤ ልጅ ደግሞ የሚኖርበት ዓመት ብዙ ነው። ሆሞሲስቲኑሪያ የሚባለው ማርፋንን ይመስላል፤ ነገር ግን ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው ሳይታወቅ ማደንዘዣ ከተሰጠ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሰውነት ከወተት ስኳር የሚያገኘውን ጋላክቶስ መጠቀም ባለመቻሉ የሚመጣው ጋላክቶሴሚያ ደግሞ በጊዜ ከተገኘ ሞራው ወተት በማቆም ብቻ ሊቀንስ ይችላል። የእናንተ ታሪክ ከአባት ወደ ልጆች የወረደ ቀጥተኛ ሞራ ይመስላል፤ ቢሆንም ሕፃኑ በሕፃናት ሐኪም ከራስ እስከ እግሩ እንዲታይ እመክራለሁ።

አንድ ነገር ለሌሎች ወላጆችም ስል ልጨምር። በዘር የሚመጣ ዓይነ ስውርነት ሁሉ ሞራ አይደለም። የሌበር ሕመም በሚባለው ሬቲናው ራሱ ከልደት ጀምሮ አይሠራም፤ ልጁ ዓይኑን በጡጫው እየተጫነ ያሻል፤ ቆይቶ ሞራም ይይዘዋል። አንድ አባት በሬዎቹን ሸጦ «ሌንስ ይግባለት» ብሎ ይዞልኝ የመጣው የሰባት ዓመት ልጅ ሞራው ቀጭን ነበር፤ ዓይነ ስውር ያደረገው ከኋላ ያለው ሬቲና ነው። ሌንስ ማለት የመስኮት መስታወት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ከሌለ መስታወት ቢቀየር የሚያይ የለም። በእንደዚህ ያሉ ዓይኖች ሌንስ ቢተከል ከረጢቱ በኃይል ይኮማተራል፤ ሌንሱን ያጣምመዋል፤ የሬቲናው መሃልም ያብጣል። አርፒኢ65 በተባለው ዘረ መል ለመጣ የሬቲና ሕመም በ2017 በአሜሪካ የዘረ መል ሕክምና ተፈቅዷል፤ የሚሠራው ግን ለዚያ ለአንዱ ዘረ መል ብቻ ነው፤ ሞራም ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። ለልጅዎ የሚያስፈልገው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዓይኑ በአልትራሳውንድ ታይቶ ከሞራው በስተኋላ ሬቲናው በቦታው መሆኑ መረጋገጡ ነው።

እንግዲህ ሌንስ ካልተተከለ ምን ያያል? ሞራው በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ ቁጥሩ ከ+20 ሊያልፍ ይችላል፤ የአራስ ዓለም እቅፍ ውስጥ ስለሆነ ለቅርብ እንዲያሳይ ተደርጎ ይታዘዛል። በላስቲክ ከኋላ ይታሰራል። ያወልቀዋል፤ መልሰው ያደርጉለታል፤ በሳምንት ውስጥ ፊትዎ ጥርት ብሎ የሚታየው በመነጽሩ እንደሆነ ሲገባው ራሱ መፈለግ ይጀምራል። ቁጥሩ ከዓይኑ እድገት ጋር ይቀንሳል፤ መነጽርም በተለወጠ ቁጥር ይቀየራል፤ የተተከለን ሌንስ እንዲህ መቀያየር ግን ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ኮንታክት ሌንስ የተሻለ እይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሕፃን መጠን ያለው በአገራችን እንደልብ አይገኝም፤ በየቀኑም በንጹሕ እጅና በተገቢ ፈሳሽ ካልታጠበ ኮርኒያውን ያመረቅዛል። ሁለቱም ዓይኖቹ የተቀደዱ ስለሆነ መነጽር ብቻውን ይበቃዋል። ሞራው በአንድ ዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምስሎቹ በመጠን ስለሚራራቁ መነጽር አይሆነውም ነበር፤ ኮንታክት ሌንስም ከሌለና ቤተሰቡ ለመመላለስ ካልቻለ እኔም በሕፃንነቱ ሌንስ መትከልን እመርጥ ይሆናል። «አብሮ ይተከል» ያሉትን ሐኪም በስሕተት የማልወቅሳቸውም ለዚህ ነው፤ ምናልባት ያሰቡት ከደሴ እየተመላለሳችሁ መነጽር ማስቀየሩ እንዳይቋረጥ ነው። ያ ስጋት በእርግጥ እውነት ከሆነ በግልጽ ይንገሯቸውና ውሳኔው በዚያ ላይ ይመሥረት።

ቀዶ ሐኪሙን አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፤ ለወደፊት ሌንስ የሚያርፍበት የከረጢቱ ጠርዝ እንዲተርፍ። ጠርዙ ካለ ዓይኑ አብዛኛውን እድገቱን ከጨረሰ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመቱ ወዲህ፣ ሌንሱ በተሻለ ስሌትና በረጋ ዓይን ይተከላል። ያኔም ቢሆን መነጽሩ አይቀርም፤ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከሩቅ ወደ ቅርብ አይተጣጠፍምና ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። ትልቋ ልጅዎ «ሌንስ አላት» ተብላ መነጽሯን ካቆመች ነገ ይመልሱላት።

የሕፃናት ዓይን ቀዶ ሕክምና በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ማእከላት ይሠራል፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ የልጁ ዕድሜ በሳምንት እንዲጻፍና «አስቸኳይ» እንዲባል ያድርጉ፤ ወረፋ የሚያሳጥረው እርሱ ነው። ትልቋን ልጅ በዚያው ቀን ይውሰዷት፤ ሽፋኗም ግፊቷም አብሮ ይታይ። ባለቤትዎም ይምጡና የቀረው ዓይናቸው ግፊት ይለካ፤ የእርስዎም ዓይን ጠብታ ገብቶበት ይታይ። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ አትታዩ፤ ሕፃኑን ይዞ መንገድ የሚሻገር አንድ የሚያይ ሰው ይቅር።